ማይክሮፎኑን ሳስረክብ

ይድረስ፦ ለምሽቱ የስፖርት ዝግጅት አድማጮች፣ ለጣቢያችን ሥራ አመራር፣ እንዲሁም ከእኔ በኋላ ወንበሩን ለሚረከበው ጋዜጠኛ

ጉዳዩ፦ ስንብትና አደራ

ውድ አድማጮች፣ የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በዚህ ወር መጨረሻ የምሽቱን የስፖርት ዝግጅት ማቅረብ አቆማለሁ። ውሳኔው የራሴ ነው። ጤናዬ ደኅና ነው፤ ወደ ሌላ ጣቢያ አልተዛወርኩም፤ አገር ጥዬ ለመሄድም አላሰብኩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወሬው ከተሰማ ጀምሮ ብዙዎቻችሁ በስጋት ስለደወላችሁልኝ ነው። ጣቢያው በመጨረሻው ዝግጅት ላይ የስንብት ቃል የማሰማበት ጊዜ ሰጥቶኛል፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ የምለው ነገር በሁለት ማስታወቂያዎች መካከል ተጀምሮ የሚያልቅ ስላልሆነ በጽሑፍ ማድረጉን መረጥኩ።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። በአገራችን የኤፍኤም ጣቢያዎች አብዛኛው የስፖርት ሰዓት የሚሸጥ ሰዓት ነው። አዘጋጁ የአየር ሰዓቱን ከጣቢያው ይገዛል፣ ወይም ገቢውን ይካፈላል፤ ከዚያ ስፖንሰር ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ለረጅም ጊዜ ወጪያችንን ይሸፍኑልን የነበሩት የቢራ ፋብሪካዎች ናቸው። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እንዲወጣ አደረገ። አዋጁን ያን ጊዜም ደግፌአለሁ፤ ዛሬም እደግፈዋለሁ። የቢራው ገንዘብ ሲወጣ ግን ተራውን ይጠብቅ የነበረው የስፖርት ውርርድ (ቤቲንግ) ድርጅቶች ገንዘብ ገባ። መጀመሪያ ስሙ በመግቢያና በመውጫ ላይ ብቻ ይነሣ ነበር። ቆይቶ የሽልማት ጥያቄ አስከተለ። አሁን በቀረበልኝ አዲስ ውል ላይ ደግሞ አቅራቢው ራሱ፣ በገዛ ድምፁ፣ ከጨዋታ ትንተናው ጋር አያይዞ የዕለቱን አዋጭ ምርጫዎች ለአድማጭ እንዲናገር የሚያዝዝ አንቀጽ ሰፍሯል። ያንን አንቀጽ አልፈርምም አልኩ። ኃላፊዎቹ ያለዚያ ገንዘብ ዝግጅቱ እንደማይቀጥል አስረዱኝ። ክርክሩ ረጅም ነበር፤ የተለያየነው ግን ተከባብረን ነው፤ ማንንም ለመወንጀል አልጻፍኩም።

በየሰፈሩ ባሉት የውርርድ ቤቶች በር ላይ ከ21 ዓመት በታች መግባት እንደማይፈቀድ ተጽፎ ታያላችሁ። ሬዲዮ እንዲህ ያለ በር የለውም። የምሽቱን ዝግጅት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የቤት ሥራውን እየሠራ ይሰማል፤ የሊስትሮ ሣጥኑን ተሸክሞ ወደ ቤቱ የሚመለስ ታዳጊ ከሱቅ ደጃፍ ቆሞ ይሰማል። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ከአየር ውጭ ደውለው አነጋገሩኝ። ልጃቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው፤ ለትምህርት ቤት ክፍያ የተሰጠውን ገንዘብ ውርርድ ላይ አጥፍቶታል። እኔን አልተቆጡኝም። «እሱ የሚሰማው አንተን ነው፤ እባክህ ልጄ፣ ተው በልልኝ» ነበር ያሉኝ። ያንን ልጅ ተው የማለት አደራ የተጣለበት ሰው በዚያው ሰዓትና በዚያው ድምፅ ተጫወት ሊለው አይችልም። ከአድማጭ ጋር የገነባሁት መተማመን ለሽያጭ የሚቀርብ ንብረቴ ነው ብዬ አላምንም።

ስለ መልቀቄ ይህን ያህል ካልኩ ይበቃል። ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ የስፖርት ሰዓቱ ራሱ ነው፤ ሰዓቱ የማን እንደሆነ መነጋገር እፈልጋለሁ።

የእኔ ትውልድ ይህን ሙያ የወደደው በስፖርት ጋዜጠኛው በደምሴ ዳምጤ ድምፅ ነው። በታኅሣሥ 1980 የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ በአገራችን ሲካሄድ ለፍጻሜ የቀረቡት ኢትዮጵያና ዚምባብዌ ነበሩ። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀና ወደ መለያ ምት ሄደ፤ 5 ለ 4 አሸነፍን። ስታዲየም የገባው ሰው የታደለ ነው። የቀረው ሕዝብ ግን በየጓሮው፣ በየመንደሩ፣ በየገጠሩ ያንን ዋንጫ ያነሣው በሬዲዮ ነው። ቴሌቪዥን ባልነበረበት ቤት ያደግን ልጆች እያንዳንዷን ምት አይተናታል ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ያሳየን ሰው ነበረና። አቅራቢ ሆኜ በተቀመጥኩባቸው ዓመታት ሁሉ ያ ልጅነቴ ወንበሬ አጠገብ ነበር፤ አሁን ይህን ዝግጅት የሚሰማ ልጅ ምን ይዞ ይተኛል እያልኩ ራሴን እጠይቅ ነበር።

ከሁሉ በላይ ሙያውን ያስተማሩኝ ግን አንድ አድማጫችን ናቸው። ማየት የተሳናቸው ጡረተኛ ነበሩ። ከስታዲየም ባስተላለፍን ቁጥር በማግሥቱ ይደውላሉ። ውጤቱን አይጠይቁም፤ እሱን ሰምተዋል። የሚነግሩን ኳሱ የት ቦታ ላይ እንደጠፋባቸው ነው። «አጥቂው ወደ ግራ ዞረ አልክ፤ የማን ግራ?» ይላሉ። «ተከላካዩ አወጣው ስትል ወደ ውጭ ነው ወይስ ወደ መሃል?» ይላሉ። ከእሳቸው ጋር ከተዋወቅሁ በኋላ ስሜቴን ወደ ኋላ አድርጌ ሦስት ነገር ማስቀደም ለመድኩ፦ ኳሱ የት አለ፣ ማን ይዞታል፣ ወዴት ይዞት ይሄዳል። አዲስ አበባ ስታዲየም ለዚህ የተመቸ ነበር። የመቀመጫ ክፍሎቹን ስም እየጠራን ካታንጋ በኩል፣ ሚስማር ተራ በኩል፣ ጥላ ፎቅ ፊት ለፊት ስንል አንድ ጊዜ እንኳን ስታዲየም የገባ ሰው ወዲያው ሜዳውን በልቡ ይዘረጋዋል። ውጤቱንና ደቂቃውን ደግሞ ቶሎ ቶሎ መናገር ያስፈልጋል፤ አሁን መገናኛ ላይ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ከአንድ ሰዓት በፊት ምን እንደተባለ አያውቅም። የሚተካኝ ጋዜጠኛ ከዚህ ደብዳቤ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህችን አንቀጽ ብቻ እንዲይዝልኝ እለምነዋለሁ።

ጥቅምት 4 ቀን 2005ን ደግሞ እንዴት አልፈዋለሁ? ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ በመጀመሪያው ጨዋታ ኦምዱርማን ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈን ነበር። በሜዳችን 2 ለ 0 ካሸነፍን ድምሩ 5 ለ 5 ይሆናል፤ ከሜዳ ውጭ ያስቆጠርናቸው ሦስት ግቦች ያሳልፉናል። ስሌቱን ከሳምንት በፊት ጀምረን በየምሽቱ ስናስረዳ ሰነበትን፤ በዕለቱ ከጥበቃ ሠራተኛው እስከ ዳቦ ጋጋሪው ስሌቱን በቃሉ የማያውቅ ሰው አልነበረም። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ አገቡ። በ1974 ሊቢያ ላይ ከተካሄደው ውድድር ወዲህ፣ ከ31 ዓመት በኋላ፣ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። ያን ምሽት የስልክ መስመራችን እስከ እኩለ ሌሊት አልተዘጋም። ከሪያድ፣ ከቤይሩት፣ ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ተደወለ። የደወለው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ነገር አልነበረውም፤ መስመሩ ላይ ቆይቶ ያለቅሳል፤ እኛም ዝም ብለን እናዳምጠዋለን።

ከሦስት ወር በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 2005፣ ኔልስፕሩት ላይ የአፍሪካ ሻምፒዮኗን ዛምቢያን ገጠምን። በደቡብ አፍሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ስታዲየሙን በአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አልብሰውት ነበር። የፍጹም ቅጣት ምት ሳትን፤ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ግብ ተቆጠረብን። በአሥር ሰው ቀርተን በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ወጣን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ፣ የዛሬይቱን ግብፅ፣ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው ጥር 13 ቀን 1954 ነው። በዚያው ዕለት፣ ከ51 ዓመት በኋላ፣ ወደ ውድድሩ ተመለስን። ይህን በአየር ላይ ስናገር አንድ አዛውንት ደውለው በ1954ቱ ፍጻሜ ስታዲየም ውስጥ እንደነበሩ ነገሩን፤ የተቀሩትን ደቂቃዎች ለእሳቸው ለቀቅን። ሬዲዮ እንዲህ ማድረግ ይችላል። የሁለት ዘመን ሰዎችን በአንድ ምሽት ያገናኛል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የተከፈተ መስመርና ታጋሽ አቅራቢ ነው።

በዚያው ዓመት የሆነውን ሌላ ነገርም ለሙያው ስል ማንሣት አለብኝ። ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፍን። ቆይቶ በሁለት ቢጫ ካርድ መቀጣት የነበረበት ተጫዋች መሰለፉ ታወቀና ሦስቱ ነጥቦች ተቀነሱብን። ጉዳዩ የተሰማው ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ ባሸነፍንበት ዕለት ነው፤ የዚያን ቀን ደስታ እንዴት ወደ ድንጋጤ እንደተቀየረ የሰማ ሁሉ ያስታውሳል። እንዲያም ሆኖ ምድባችንን በአንደኝነት ጨረስን፤ በናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈን ቀረን እንጂ። ከዚያ ወዲህ በዝግጅት ክፍላችን ደብተር ይዘናል። የብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋቾች ካርድ፣ ጉዳት፣ የተሰለፉበት ደቂቃ በእጅ ይጻፋል። ካርድ መቁጠር የፌዴሬሽን ሥራ ነው የሚል ካለ እውነት ብሏል፤ ሕዝብን ወክሎ ሜዳ የሚገባ ጋዜጠኛም ግን መቁጠር አለበት።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ።

የስፖርት ዝግጅቶቻችንን ከምሽት እስከ ምሽት ያዳመጠ ሰው አዲስ አበባ በእንግሊዝ ውስጥ ያለች ከተማ ትመስለዋለች። የአርሰናል ተጎጂ ማን ነው፣ ማንቸስተር ዩናይትድ ማንን ሊያስፈርም ነው፣ የማድሪዱ አሠልጣኝ ምን አለ። ይህን ወሬ አልጠላውም። ሕዝባችን ይወደዋል፤ እኔም እወደዋለሁ፤ በየሰፈሩ ዲኤስቲቪ ቤት የሚሰበሰበው ወጣት ለቡድኑ ያለው ፍቅር እውነተኛ ነው። ነገር ግን ያንን ወሬ አድማጩ ከእኛ በፊት በስልኩ አንብቦታል። እኛ ከውጭ ድረ ገጽ ተርጉመን ስናነብለት አዲስ ነገር አንሰጠውም። እኛ ካልነገርነው ማንም የማይነግረው ነገር ያለው እዚሁ ነው፦ ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ባለው በከፍተኛ ሊጉ፣ በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ፣ በጃንሜዳ፣ በየክልሉ የአትሌቲክስ ሻምፒዮና።

ከ2013 የውድድር ዘመን ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በቀጥታ የቴሌቪዥን ስርጭት፣ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወሩ ሲካሄዱ ቆይተዋል። ለክለቦቹ የገባው የስርጭት ገቢ ጥሩ ነው። ሌላውን ወገን ግን ተመልከቱት። የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ለዓመታት ቡድኑን በገዛ ከተማው አላየም። ስታዲየም መግባት ያልቻለ፣ የዲኤስቲቪ ክፍያም የከበደው ደጋፊ ከቡድኑ ጋር የቀረው ገመድ ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ ደግሞ በዚያው ወቅት ከሜዳ ወጣ። ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ባሕር ዳር የሚላክ ዘጋቢ አበል የለውም ተባለ፤ ጨዋታውን ከስቱዲዮ ሆነን ከቴሌቪዥን መስኮት እያየን ማስተላለፍ ጀመርን። ካሜራው ኳሱን ብቻ ይከተላል። ተቀያሪው ተጫዋች ለምን ሰውነቱን ማሟሟቅ እንዳቆመ፣ አሠልጣኙ ለማን ምን እንደጠቆመ፣ ደጋፊው ምን እያለ እንደዘመረ ማወቅ የሚቻለው በቦታው በመገኘት ነው።

የብሔራዊ ቡድናችን ነገር ከዚህም ይከብዳል። ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚጠይቀውን መስፈርት ባለማሟላታቸው ዋልያዎቹ የሜዳቸውን ጨዋታ በማላዊ፣ በሞሮኮና በታንዛኒያ ተጫውተዋል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ፣ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ሲያገቡ፣ ያ ድል የአዲስ አበባ ሕዝብ በዓይኑ ሊያየው የሚገባ ድል ነበር። ግብፅን ያህል ቡድን፣ ያን በመሰለ ጨዋታ! የስታዲየም ጉዳይ የሚመለከታችሁ አካላት ሁሉ፣ ሥራው ገንዘብና ጊዜ እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ ግን ሥራው የት እንደደረሰ በየጊዜው ለሕዝብ የመንገር ግዴታችሁ ገንዘብ አይጠይቅም። ደውለን ስንጠይቃችሁ ስልኩን አንሡልን። ከእኔ በኋላም የሚደውል ጋዜጠኛ ይኖራል፤ ለእሱም አንሡለት።

ስለ ሴቶቹ እግር ኳስ ብዙ ማለት እችላለሁ። ሎዛ አበራ በአገር ውስጥ ሊግ በተደጋጋሚ ኮከብ ግብ አግቢ ሆና፣ ማልታ ድረስ ሄዳ ተጫውታ የተመለሰች አጥቂ ናት። የንግድ ባንክ ሴቶች ቡድን በ2016 መጨረሻ የቀጠናውን ማጣሪያ አዲስ አበባ ላይ አሸንፎ ሞሮኮ በተካሄደው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ተካፍሏል። ይህን በወንዶች ክለብ ብናየው ኖሮ ለወር ያህል ሌላ ወሬ አይኖረንም ነበር። የጣቢያችን ሥራ አመራር ሆይ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሠላሳ ደቂቃ፣ ለሴቶች ስፖርት እንዲሰጥ ደጋግሜ ጠይቄአለሁ፤ አሁንም ስወጣ እጠይቃለሁ። ስፖንሰር አይገኝም የሚለው መልስ አያሳምነኝም። ያልተነገረለትን ነገር ማን ስፖንሰር ያደርጋል?

በአትሌቲክሱም እንዲሁ ነው። በየአራት ዓመቱ ኦሎምፒክ ሲመጣ ሁላችንም የሩጫ ተንታኝ እንሆናለን፤ ሲያልፍ እንረሳዋለን። ነሐሴ 4 ቀን 2016፣ ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ የፓሪሱ ማራቶን ተጀመረ። ታምራት ቶላ መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት ቦታውን ሲለቅለት ገባ፤ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ወርቁን ወሰደ። ከዚያ ቀን በፊት በአገራችን ሬዲዮ ላይ ተጠባባቂ ሯጭን በእንግድነት የጋበዘ ዝግጅት ስንት ነው? ቦታውን ለባልደረባው የለቀቀውስ ሰው ምን ያህል ተነገረለት? የእኛ አገር የሩጫ ታሪክ በሜዳሊያ ብቻ የተጻፈ አይደለም። በእንጦጦና በሰንዳፋ ጎሕ ሲቀድ የሚሮጡ፣ ስማቸውን ማንም የማያውቅ፣ ለሌላው ፍጥነት የሚያወጡ ልጆች ታሪክም አለበት። ማለዳ ተነሥቶ ማይክሮፎን ይዞ የሚሄድ ሰው ካለ ያወሩለታል።

አድማጮቼ፣ ከእናንተም ጋር የምነጋገረው አለኝ። በ2010 እና በ2011 ሜዳዎቻችን በሁከት ሲታመሱ፣ የክለብ ስም በተነሣ ቁጥር የብሔር ስም ሲከተል፣ የስልክ መስመራችንን ለመዝጋት ብዙ ግፊት ነበረብን። አልዘጋነውም። አንድ ደንብ አወጣን፦ ስለ ጨዋታው የፈለገውን ይበል፣ ዳኛውን ይተች፣ አሠልጣኙን ይተች፤ የሌላውን ክለብ ደጋፊ በትውልዱ ከጠራ ግን መስመሩ ይቋረጣል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ደንቡን የምታስከብሩት እናንተው ሆናችሁ። የመቀሌ ደጋፊ ለፋሲል ደጋፊ መልካም ዕድል ሲመኝ፣ የሲዳማ ቡና ደጋፊ ለወላይታ ድቻ ደጋፊ መልስ ሲሰጥ ሰምቻለሁ። ከዚያም ጦርነቱ መጣ፤ የትግራይ ክለቦች ለዓመታት ከሊጉ ጠፉ። በ2017 ሲመለሱ የሳምንቱን የጨዋታ ፕሮግራም ሳነብ መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ፣ ስሑል ሽረ የሚሉትን ስሞች እንደገና ጠራኋቸው። ሦስት የክለብ ስም ማንበብ እንደዚያ ይከብደኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። በእነዚያ ዓመታት ያጣናቸውን ተጫዋቾችና ደጋፊዎች አስቤ ድምፄ ተቆራረጠ፤ ቴክኒሺያኑ ሙዚቃ አስገባልኝ። እባካችሁ፣ ያንን የስልክ ደንብ አትተዉት።

ለሥራ አመራሩ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ፤ እሱም ስለ ቅጂዎቹ ነው። በዝግጅታችን የተቀዱ ቃለ ምልልሶች በኮምፒውተሩ ላይ ቦታ ሲጠብብ ይሰረዛሉ። ሕይወታቸው ካለፈ አሠልጣኞች፣ ከቀድሞ የብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች፣ ከስታዲየም የትኬት ቆራጮች ጋር ያደረግናቸው ውይይቶች የጠፉት እንዲህ ነው። በእኔ እጅ ያለውን ቀድቼ ለጣቢያው አስረክባለሁ። አንድ ተጨማሪ የማስቀመጫ ዲስክ የሚጠይቀው ገንዘብ ከአንድ ማስታወቂያ ክፍያ ያነሰ ነው። የይድነቃቸው ተሰማን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ የዛሬ ወጣት፣ ሰውየው ከ1964 ጀምሮ ሕይወቱ እስካለፈበት እስከ 1979 ድረስ የአፍሪካን እግር ኳስ መምራቱን፣ አፓርታይድ ደቡብ አፍሪካን ከውድድር ለማራቅ መታገሉን ከመጽሐፍ ያገኛል፤ ድምፁን ግን ከየት ያገኛል? ዛሬ የምንሰርዘውን ነገ የሚፈልግ አለ።

ከእኔ በኋላ ለሚቀመጠው ጋዜጠኛ፣ ወንድምም ይሁን እህት፣ የምተወው ነገር ትንሽ ነው። የነገርኳችሁ የብሔራዊ ቡድኑ ደብተር፣ ከዚያም የሊጉና የሴቶቹ ሊግ ደብተሮች፣ በድምሩ ሦስት ናቸው፤ ሦስተኛው ገና ብዙ ባዶ ገጽ አለው። የስልክ ቁጥሮች ዝርዝርም አለ፦ የክለብ ወጌሻዎች፣ የመሣሪያ ያዦች፣ የአውቶቡስ ሾፌሮች። የክለብ ፕሬዚዳንቶችን ቁጥር ማንም ያገኘዋል፤ እውነተኛውን ነገር የሚያውቁት ግን እነዚህ ናቸው፤ ስማቸው እንዳይጠራ ከጠየቁ ስማቸው አይጠራ። በማያውቀው ነገር ላይ አስተያየት የተጠየቀ እንደሆነ አላውቅም ማለት ይልመድ፤ አድማጭ ይህን ያከብራል። ደሞዝ ስላልተከፈላቸው ተጫዋቾች መረጃ ሲደርሰው፣ ክለቡ የዝግጅቱ ማስታወቂያ ደንበኛ ቢሆን እንኳን ይናገር። የውርርዱ አንቀጽ ሲቀርብለት የሚያደርገውን እሱ ያውቃል። የእኔን መንገድ እንዲከተል አላስገድደውም፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ወጣት ጋዜጠኛ ሸክም ምን እንደሆነ አውቃለሁና። ስለዚህ ጥያቄዬን ከእሱ አንሥቼ ወደ ኃላፊዎቹ እመልሳለሁ፦ ማስታወቂያው ማስታወቂያ ሆኖ፣ በሌላ ድምፅ፣ ከዝግጅቱ ተለይቶ ይተላለፍ። ትንተናና ውርርድ በአንድ አፍ አይነገሩ። ይህ ከተደረገ ዝግጅቱ ገንዘቡን ሳያጣ ክብሩን ይዞ መኖር ይችላል። የብሮድካስት ዘርፉን የሚቆጣጠረው ባለሥልጣንም ይህንኑ በመመሪያ ቢያጸናው አንድ አቅራቢ ብቻውን ከጣቢያው ጋር መከራከር አይኖርበትም።

ምስጋና የምሰጣቸው ሰዎች ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። በድምፄ ቃና ብቻ ጉንፋን እንደያዘኝ አውቆ ማይክሮፎኑን የሚያስተካክልልኝ ቴክኒሺያን፤ ከምሽት ስርጭት በኋላ ሁላችንንም በየቤታችን ሳያደርስ የማይተኛው ሾፌር፤ የአድማጭ ደብዳቤ በእጅ ይመጣ በነበረበት ጊዜ አንዱንም ሳትጥል በየወሩ ጠርዛ ታስቀምጥልን የነበረችው ጸሐፊ። ቅዳሜንና እሑድን ለእግር ኳስ ለቃ ልጆቻችንን ያሳደገችው ባለቤቴ ከሁሉም ትበልጣለች። ጓደኞቼ ሰርግ፣ ልቅሶና ክርስትና ላይ ሲፈልጉኝ እኔ ስታዲየም ነበርኩ፤ እነሱ ግን ታገሱኝ።

የመጨረሻው ዝግጅት በተለመደው ሰዓት ይተላለፋል። በእንግድነት የጋበዝኩት ታዋቂ ሰው የለም። ሙሉ ሰዓቱን የስልክ መስመሩ ክፍት ነው፤ ከሜዳ ወሬ ያለው ሁሉ ይደውል፦ ከከፍተኛ ሊግ፣ ከትምህርት ቤት ውድድር፣ ከሰፈር ቡድን፣ በስደት ካቋቋማችሁት የእሑድ ቡድንም ቢሆን። ያስመዘገባችሁትን ውጤትና ያገቡትን ልጆች ስም ጽፋችሁ ያዙ፤ ሁሉንም አነባለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የምሽቱ የስፖርት ዝግጅት አዘጋጅና አቅራቢ
አዲስ አበባ